የእኔ ጣት፣ የእርሷ ጉሮሮ

«ወንድሜ፣ ትንሽ ከፍ አድርገው» አለችኝ የአክስቴ ልጅ፣ ዘፈኑን መሐል ላይ አቋርጣ። ከፍ አደረግሁት። የጊታሩ ሆድ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ክሩን በኃይል እየመታሁ ከፍ አደረግሁት። እንደገና ጀመረች፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ድምጿ ጉድጓድ እንደ ገባ ሰው ተሰወረ። «ከፍ አድርገው እኮ ነው ያልሁህ!» እኔም ታዛዥ ነኝና የባሰ መታሁ። ቀጭኑ ክር ጧ ብሎ ተበጠሰና ጉንጬን ገረፈኝ።

ወሩ ጥር፣ ቦታው ደምበጫ አጠገብ ያለው የአክስቴ ግቢ ነው። የታላቅ ወንድሟ ሠርግ አልፎ የቅልቅሉ ዕለት ነበር። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት አልነበረበትም፣ ግን ረጅም ነበር። እርሷ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ጩኸቱን አይደለም፤ ዜማውን ነው። ወረደብኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። የገባኝ ግን ማድረግ የሚገባኝ ነገር ሳይሆን ማድረግ የማልችለው ነገር ነው። ዜማውን ከፍ ለማድረግ ሌላ ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነበር።

አማርኛችን እዚህ ላይ ሰው ያጣላል። ሬዲዮኑን «ከፍ አድርገው» የሚል ሰው ጩኸቱን ማለቱ ነው። ዘፋኝ ለአጃቢዋ ስትለው ግን ዜማው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ይውጣልኝ ማለቷ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት መንገድ፤ እኔ የማይሆነውን ይዤ ሮጥሁ። ዜማው የሚቀመጥበትን ይህን ቦታ ሙዚቀኞች ኪይ ይሉታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ኪይ የሚባለውን ነገር የሰማሁት ሰው ስለ ባሕር ማዶ ሲያወራ እንደሚሰማ ነበር፤ መኖሩን አምናለሁ፣ እኔን ግን አይመለከተኝም።

ጊታሩን የገዛሁት ከደብረ ማርቆስ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወር ከነበረ አንድ የባንክ ሠራተኛ ነው። ያገለገለ ነው፤ አንገቱ ላይ የሌላ ሰው ጣት የበላው ቦታ ይታያል። ቀን ቀን ከአባቴ ጋር ልብስ እሰፋለሁ፤ ማታ ሱቁ ሲዘጋ በቁራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጬ እለማመዳለሁ። አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ ኮርድ ይባላል፤ አራት ኮርድ ተማርሁ፦ ሲ፣ ጂ፣ አዘን ያለው ኤ ማይነር፣ ኤፍ። ሦስቱ በሁለት ሳምንት ገቡልኝ። ኤፍ ግን ክረምቱን ሙሉ ፈጀ። ጠቋሚ ጣትን እንደ በር መወርወሪያ በክሮቹ ላይ አጋድሞ መጫን፣ ከዚያም በቀሩት ጣቶች ሌላ ሥራ መሥራት፣ መርፌ ለያዘ እጅ እንኳ ቀላል አይደለም። በመስከረም ኤፍ አለ ምንም ጉርምርምታ ጥርት ብሎ ሲወጣልኝ ጊታር ተማርሁ ብዬ ደመደምሁ።

እንዲያ ብዬ ብደመድም አይፈረድብኝም። እነዚህ አራት ኮርዶች በዚህ ቅደም ተከተል በዓለም ላይ እጅግ ብዙ የፖፕ ዘፈን ተሸክመዋል። ቅደም ተከተላቸውን ቢያዛውሩት ሌላ ጎተራ ይከፈታል፤ ከኤ ማይነር ተነሥቶ ወደ ኤፍ፣ ወደ ሲ፣ ወደ ጂ ሲኬድ ያው አራቱ ኮርድ አንገታቸውን ደፍተው ያዝናሉ። ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ ተብሎ ሲኬድ ደግሞ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የአሜሪካ የፍቅር ዘፈኖች የተመላለሱበት መንገድ ይሆናል። ሰው ሳያውቀው የሚወደው መንገድ ነው።

ለምን እንደሚወደድ የገባኝ ኮርዶቹን ፈትቼ ውስጣቸውን ሳይ ነው። ሲ ኮርድ ሲ፣ ኢ እና ጂ የተባሉትን ድምፆች ይዟል። ኤ ማይነር ደግሞ ኤን፣ ሲን እና ኢን። ሁለቱ ኮርዶች ሁለት ድምፅ ስለሚጋሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚለወጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ያው ሆኖ የፋኖሱ ክር ዝቅ እንደ ተደረገ ያህል ይሰማል። ጂ ውስጥ ያለው ቢ የተባለው ድምፅ ከሲ አንድ ፍሬት፣ ማለትም በጊታሩ አንገት ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች አንዱን ያህል፣ ዝቅ ብሎ ቆሞ፣ ደጃፍ ላይ እንዳለ እንግዳ ልግባ ልግባ ይላል። ኤፍ ሲ የተባለውን ድምፅ አስቀድሞ ጉያው ውስጥ ይዟል። ስለዚህ ከየትኛውም ተነሥቶ ወደ ሲ መመለስ ወደ ቤት መመለስ ይመስላል። ይህን ሁሉ ሳውቅ ደስ አለኝ፤ ያም ሆኖ ደምበጫ ላይ አልጠቀመኝም። የአክስቴ ልጅ ቤቷ ሲ አልነበረም።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ልብስ ሰፊ መሆኔ ነው። አባቴ በሕይወታቸው ሰውን ሳይለኩ ጨርቅ ላይ መቀስ አሳርፈው አያውቁም። ደንበኛው ለሃያ ዓመት የመጣ ቢሆን እንኳ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው እንደገና ይለኩታል፤ «ሰው ይወፍራል፣ ሰው ይከሳል» ይላሉ። ቅዱ አንድ ነው፤ የሱሪ ቅድ የሱሪ ቅድ ነው። ልኩ ግን የሚወሰደው ከሰውየው ነው። እኔ ደግሞ በዳስ ሙሉ ሰው ፊት ልኳን ሳልጠይቅ የራሴን ሱሪ አምጥቼ ልበሽ አልኋት። ሲን የመረጠው ጣቴ ነው፤ ዘፈኑን የሚሸከመው ግን ጉሮሮዋ ነበር።

ከደምበጫ በተመለስሁ ማግሥት ጊታሩን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ሜትር ዘረጋሁበት። ክሮቹ ከሚያርፉባት ከላይኛዋ ነጭ ዘንግ እስከ ታችኛዋ 65 ሴንቲሜትር ሆነ። ከዚያ ፍሬቶቹን ለካሁ። የመጀመሪያው ከላይኛዋ ዘንግ 3.6 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 3.4፤ እንዲህ እየጠበበ ይሄድና ከ11ኛው እስከ 12ኛው 1.9 ብቻ ይቀራል። 12ኛው ፍሬት 32.5 ላይ አረፈ፤ ልክ እኩሌታው ላይ። ክሩ በግማሽ ሲያጥር ያው ድምፅ እጥፍ ቀጥኖ ይመለሳል። አምስተኛው ክር ባዶውን ሲመታ በሰከንድ 110 ጊዜ ይርገበገባል፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ 220 ጊዜ።

ልብስ ሰፊ ይህን ሲያይ ደስ የሚለው ነገር አለ። ፍሬቶቹ የተራራቁት በእኩል ሴንቲሜትር ሳይሆን በእኩል ድርሻ ነው። እያንዳንዱ ፍሬት ከቀረው የክር ርዝመት ከመቶ 5.6 ያህሉን ይቆርጣል፤ ከቀረው ላይ እንደገና ያንኑ ያህል። ልብስ ከትንሽ ልክ ወደ ትልቅ ልክ ሲሰፋ መልኩ እንዳይበላሽ ሁሉንም በድርሻው ማስፋት ግድ ነው፤ እጅጌውን ትቶ ደረቱን ብቻ የሚያሰፋ ሰው ጉድ ይሰፋል። ጊታሩ ይህን ሥራ አስቀድሞ ጨርሶታል። ዜማው ከአንድ ቦታ ተነሥቶ አራት ፍሬት ቢወጣ፣ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ሁሉ በድርሻው አብሮ ይወጣል፤ መልኩም አይለወጥም።

ማታ በስፌት ጠመኔ ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለቱን ድምፆች በተርታ ጻፍኋቸው። ከዚያ ዶ፣ ሬ፣ ሚ የሚባለውን የድምፅ ደረጃ ቆጠርሁ፦ ሁለት ፍሬት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ። ከሲ ስነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ መጣልኝ። በየሥራቸው ከ1 እስከ 7 ቁጥር ሰጠኋቸው። የእኔ አራት ኮርዶች 1፣ 5፣ 6 እና 4 ሆነው ተገኙ። እስከዚያ ድረስ እንደ ሰው ስም የያዝኋቸው ነገሮች የመቀመጫ ቁጥር ነበሩ።

ከጂ ተነሥቼ ያንኑ ደረጃ ቆጠርሁ፤ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ (ከኤፍ አንድ ፍሬት ከፍ ያለው)። 1፣ 5፣ 6፣ 4 ስል ጂ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ ሲ ወጣ። ስድስተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ምንጊዜም ማይነር ነው፤ ይህን አንድ ጊዜ ካወቁት አይረሳም። ከዲ ስነሣ ዲ፣ ኤ፣ ቢ ማይነር፣ ጂ። ከኤ ስነሣ ኤ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ ማይነር፣ ዲ። ከጂ የተነሣውን ስጫወተው ያ ለወራት ሳዜመው የኖርሁት ነገር ነበር፤ ግን ሌላ ክፍል ውስጥ። ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ጎረቤት ግድግዳ መታብኝ።

ጠዋት አባቴ ሱቁን ሲከፍቱ ጠመኔውን ሳላጠፋው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለው አገኘኋቸው። «1፣ 5፣ 6፣ 4… ይህ የማን ልክ ነው?» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው። «ሰውየው ወገብ የለውም?» አልመለስሁላቸውም። ጨርቁን ዘርግተው አጠፉብኝ።

ስለ ስም መለዋወጥ ካነሣሁ ከተማችንም ታሪክ አላት። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ ዛሬ የምትጠራበትን ስም ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሟ ሲለወጥ ኮረብታው አልተነቃነቀም፣ የገበያው መንገድም ያው ነው። ኪይ ሲለወጥም እንዲሁ ነው፤ ጂ ትናንት አምስተኛ ነበር፣ ዛሬ አንደኛ ሆነ፣ ነገ በዲ ቤት አራተኛ ይሆናል። የኮርዱን ስም ብቻ የሸመደደ ሰው በየቤቱ እንግዳ ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው ግን ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል።

ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ እኩል ነው። እጅ ላይ ግን ኪይ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ይህን የሚክድ ሰው ጊታር ይዞ አያውቅም። ከጂ የሚነሣው ቤተሰብ ከሁሉ የዋህ ነው፤ አራቱም ኮርዶች ክፍት ናቸው፣ መወርወሪያ የሚባል ጣት አያስፈልግም። ከሲ የሚነሣው ኤፍ የምትባል አንዲት አማት አለችው። ዲ ቢ ማይነርን፣ ኤ ደግሞ ኤፍ ሻርፕ ማይነርን ያመጣሉ። ኢ ሁለት ያመጣል፦ ቢን እና ሲ ሻርፕ ማይነርን። ከኤፍ የተነሣ ሰው ራሱ ኤፍና ከቢ አንድ ፍሬት ዝቅ ያለው ቢ ፍላት ይጠብቁታል። በፒያኖ የሰለጠነ ሰው ለኤፍ ግድ የለውም፤ ጊታር የያዘ ሰው ግን ዘፋኟ «ኤፍ ይሻለኛል» ስትለው ፊቱ ይለወጣል። ብዙ አጃቢ ዘፋኙን «ለአንተ ጂ ነው የሚስማማህ» ሲለው እውነት የዘፋኙን ጉሮሮ መርምሮ እንዳይመስላችሁ። የራሱን ጠቋሚ ጣት እያዘነለት ነው።

መፍትሔው ካፖ ነው፤ አንገቱን በአንድ ፍሬት ላይ ቆንጥጦ የሚይዝ፣ ሁሉንም ክር በአንድ ጊዜ የሚያሳጥር መቆንጠጫ። ደብረ ማርቆስ ላይ ፈልጌ አጣሁ። ልብስ ቤት ውስጥ ግን የወገብ ላስቲክ አይጠፋም። አንድ ባለ ስድስት ጎን እርሳስ ወስጄ ጠፍጣፋ ጎኑን ክሮቹ ላይ አጋደምሁ፤ ግራና ቀኝ ጫፉን በላስቲክ ወጥሬ ከአንገቱ ጀርባ አሰርሁት። መጀመሪያ ሁለተኛው ክር ጉርምርም አለ፤ ላስቲኩን አንድ ዙር ስጨምርለት ዝም አለ። የልጆች ቁምጣ እንዳይወርድ የሚይዝ ላስቲክ የእኔን ዘፈን እንዳይወርድ ያዘው። ሂሳቡም ቀላል ነው፤ እርሳሱ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሆኖ እጄ የጂን ቅርጽ ሲይዝ የሚሰማው ኤ ነው። የሲን ቅርጽ ብይዝ ዲ ይሆናል። እርሳሱ አራተኛው ላይ ከሆነ ሲ ኢ ይሆናል፤ አምስተኛው ላይ ኤፍ።

የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ለትምህርት ወደ ደብረ ማርቆስ መጣች። ሱቃችን ስትመጣ ጊታሩን ከማንሣቴ በፊት «እስቲ ዝም ብለሽ አንጎራጉሪው» አልኋት። ጠረጠረችኝ። «ክር ልትበጥስብኝ ነው?» አንጎራጎረች። የዜማው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስትደርስ አስቆምኋት። እኔ በሲ ስጫወት ያ ቦታ የሚያርፈው ባዶው ሦስተኛ ክር ላይ ነው፤ በሰከንድ 196 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበው ጂ። እዚያ ላይ ድምጿ ትንፋሽ ብቻ ነው። ባዶውን ሁለተኛ ክር መታሁላት፤ ቢ ነው፣ 247 ገደማ። እዚያ ላይ ድምጿ ደረት አለው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አራት ፍሬት ነው። አባቴ ከስፌት መኪናቸው ጀርባ ሆነው ያያሉ። ልክ እየወሰድሁ መሆኔን ሳይነገራቸው ያወቁ ይመስለኛል፤ ፔዳሉን ረግጠው አቆሙ።

አራት ፍሬት ከፍ ማለት ሲ ኢ ይሆናል ማለት ነው። ሦስት መንገድ ነበረኝ። ያለ እርሳስ በኢ መጫወት፤ ያን ጊዜ ቢና ሲ ሻርፕ ማይነር ጣቴን ይጨርሱታል። እርሳሱን ሁለተኛው ላይ አስሮ የዲን ቅርጾች መያዝ። ወይም አራተኛው ላይ አስሮ የለመድሁትን ሲ መያዝ። ሦስቱም ኢ ናቸው፤ ሦስቱም ግን አንድ ዓይነት አይሰሙም። በኢ ያለ እርሳስ ሲጫወቱት ወፍራሙ ስድስተኛ ክር ከሥር እንደ ከበሮ ይጎተታል። በዲ ቅርጽ መሐል ላይ ይሰበሰባል። በሲ ቅርጽ አራተኛው ፍሬት ላይ ደግሞ ድምፁ ይቀጥንና ክራር ክራር ይሸታል። ይህን ሦስተኛውን ወደድሁት። እዚያ ላይ ሌላ ነገርም አገኘሁ፤ ያቺ ክረምቱን ያሳደደችኝ ኤፍ ከእርሳሱ በላይ ስትያዝ ለሰለሰች። ፍሬቶቹ ይጠባሉ፤ ክሮቹም ከላይኛዋ ዘንግ ይልቅ እርሳሱ ላይ ወደ እንጨቱ ቀርበው ስለሚያርፉ ብዙ መጫን አይጠይቁም። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር አንድ ክረምት ይተርፈኝ ነበር።

ዘፈነች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደረሰች፤ አልወደቀችም። ከላይ ያለው አዝማች ላይ ድምጿ ጠርዝ ላይ ቆመ እንጂ አልተሰነጠቀም። ሱቁ በር ላይ ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው ቆሞ አዳመጠ። ሱሪውን ሳይሰጠን ሄደ።

አንድ ወዳጄ አለ፤ ሙዚቃ የሚወድ፣ ዘመናዊ ዘፈን ግን የሚንቅ። «አራት ኮርድ! ሁሉም ያው ነው፤ አንዱን ከአንዱ የሚለየው የዘፋኙ ጫማ ነው» ይላል። ጎጃም ውስጥ ተወልዶ ይህን ማለቱ ይገርመኛል። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ቅኔ የተዘረፈበት አገር ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ልኩ ከተማሪው በፊት ነበረ፣ ከተማሪው በኋላም ይኖራል። ተማሪው ግን ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ሊደግመው አይፈቀድለትም፤ በዚያው ልክ ውስጥ በየቀኑ አዲስ ነገር ማምጣት አለበት። ጉባኤ ቃናን «ሁልጊዜ ሁለት ቤት ነው» ብሎ የሚነቅፍ ሰው አልሰማሁም። የሚነቀፈው ሰምና ወርቁ ያልገጠመለት ባለቅኔ ነው። አራት ኮርድ ላይ የተሠራ ደካማ ዘፈን ብዙ አለ፤ ጥፋቱ ግን የኮርዶቹ አይደለም። ለወዳጄ ይህን ብነግረው «ጊታርህን ከቅኔ ጋር አታወዳድር» አለኝ። እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለው። ዘጠኝ ዓመት በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ የተማረና እኔ በላስቲክ የማስር ሰው እኩል አይደለንም።

ወዳጄን ያልሁትን ብዬ መለስሁት፤ አባቴን ግን መመለስ አልቻልሁም። አባቴ በወጣትነታቸው ክራር ይቃኙ ነበር። አንድ ማታ ትዝታ ያንጎራጉሩ ጀመር፤ እኔም አጋጣሚውን እንዳያመልጠኝ ፈጥኜ ድምፃቸውን ፈለግሁና አራቱን ኮርዶቼን ከሥር አነጠፍሁላቸው። ሲ ላይ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ኤ ማይነር ላይ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ኤፍ ስመታ ገለጡት። «መሐል ላይ የማላውቀው ሰው ገባ» አሉ።

ኪይ ስቼ መሰለኝ። አልሳትሁም። ነገሩን ያገኘሁት ጠረጴዛው ላይ ነው። ከሲ የተነሣ ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፅ አለው፤ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ኤፍና ቢ ከቤቱ አልተጋበዙም። ከአራቱ ኮርዶቼ ሁለቱ፣ ሲና ኤ ማይነር፣ ድምፆቻቸው በሙሉ ከቤቱ ልጆች ናቸው። ጂ ግን ቢን ደብቆ ያስገባል። ኤፍ ደግሞ ራሱ እንግዳው ነው። አባቴ ስለ ኮርድ አንዲት ቃል አያውቁም፤ እንግዳውን ግን በገባበት ቅጽበት ያዙት። ወደ የትኛውም ኪይ ባዛውረው ያው ነው፤ ቤቱን ሁሉ ብሸከመው እንግዳውንም አብሬ እሸከማለሁ።

ስለዚህ ለእርሳቸው ስጫወት ጂ ላይ ቢ የሚባለውን ድምፅ አስቀራለሁ፤ ጂና ዲ ብቻቸውን ባዶ ሜዳ ላይ እንደ ቆሙ ሁለት ሰዎች ይሰማሉ። ኤፍ የሚገባበት ቦታ ላይ ኤንና ሲን ብቻ እነካለሁ። ያን ጊዜ የፖፕ ዘፈኑ መንገድ ከሩቅ ይታያል፣ ትዝታውም አይረገጥም። በሌላ ቀን፣ ከእኩዮቼ ጋር፣ ኤፍን ከነሙሉ ክብሩ አስገባለሁ፤ እንግዳ መቀበልም ያምራል። ሁለቱንም እወዳለሁ፤ ሁለቱን አንድ ናቸው የሚለኝን ግን አላምነውም።

ጠጅ ቤት አንድ አዝማሪ አለ፤ ስለ ኪይ ችግሬ አጫወትሁት። መሰንቆውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሰማኝ። መሰንቆ አንድ ክር ብቻ አለው፣ የፈረስ ጭራ፤ ፍሬት የሚባል ነገር የለውም። «አንተ ክሩን ጠይቀህ ነው ሰውየውን የምታዘፍነው» አለኝ። እርሱ የሚዘፍነው ራሱ፣ የሚመታው ራሱ ነው፤ ጉሮሮውና ጣቱ አንድ ሰው ውስጥ ስለሚኖሩ ተጣልተው አያውቁም። ጠዋት ድምፁ ከተዘጋ የመሰንቆውን መቃኛ ትንሽ ያላላል፣ አበቃ። ክራርም እንዲሁ በዘፋኙ ድምፅ ይቃኛል። ጊታር ይዞ የመጣው ፍሬት ሁሉንም ቦታ አስቀድሞ ወስኖ ስለጨረሰ ነው እኛ በቁጥርና በእርሳስ የምንዞረው። የሠርግ ኪቦርድ ተጫዋቾች ደግሞ ከሁላችንም ተገላግለዋል፤ ትራንስፖዝ የምትባል ቁልፍ አለቻቸው። ሁለት ጊዜ ሲጫኗት ጣታቸው ሲ ላይ እንዳለ ዳሱ ውስጥ ዲ ይሰማል። እቀናባቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ግን አንዱ ቁልፏን ወደ ቦታዋ መመለስ ረስቶ በሚቀጥለው ዘፈን ሙሽሪትን የሚያወድሱትን ሴቶች ጣራ ላይ ሲያወጣቸው ስላየሁ ቅናቴ በረድ ብሏል።

ለዚህ ፋሲካ እንደገና አክስቴ ቤት ተሰበሰብን። ከደብረ ማርቆስ ስንነሣ እርሳሱን አራተኛው ፍሬት ላይ አስሬው ነበር፤ ላስቲኩም አዲስ ነው። የአክስቴ ልጅ ግን ሁዳዴውን ሙሉ ያልለቀቃት ጉንፋን ይዟታል፤ የመንገዱ አቧራ ደግሞ ጨርሷታል። ዶሮው ከተበላ በኋላ ዝፈኚ ተባለች። ጉሮሮዋን ጠራረገች፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ጀመረችና ቆመች።

«ወንድሜ፣ ዛሬስ ትንሽ ዝቅ አድርገው።»

አክስቴ ከጓዳ ብቅ አሉ፤ ባለፈው የሆነውን አልረሱም። «አትሰማትም እንዴ? ቀስ በል ትልሃለች እኮ! ጆሯችንን ልታደነቁረው ነው?»

እርሳሱን ከአራተኛው ወደ ሁለተኛው አወረድሁት። ለአክስቴም ብዬ ቀስ አድርጌ መታሁ።